ከክዳኑ ሥር የተጻፈው

ልጅ ሳለሁ ውሃ የሚተኛ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲተኛ እሱም ከመሬት በታች፣ በቧንቧው ውስጥ ተጋድሞ ይተኛል፤ ጎሕ ሲቀድ አባቴ እየዞረ ይቀሰቅሰዋል። ለዚህ ሥራው ደመወዝ እንደሚከፈለው ስሰማ ገርሞኝ ነበር። ውሃ መቀስቀስን የመሰለ ነገር ሰው በነፃ የማይሠራው ለምንድነው ብዬ።

አባዬ የከተማችን ውሃ መሥሪያ ቤት የቫልቭ ሠራተኛ ነበር። ሰው «ባለቁልፉ» ይለዋል። ቁልፉ ኪስ የሚገባ አይደለም፤ ከኔ ቁመት የሚበልጥ ወፍራም ብረት ነው፤ ከላይ በሁለት እጅ የሚጨበጥ እጀታ፣ ከታች የቫልቩን ራስ የሚነክስ አራት ማዕዘን አፍ አለው። እማዬ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ሰማዩ ሳይገልጥ ትወጣለች። አባዬም እኔን ቤት ቆልፎብኝ ለመሄድ ሆዱ ስለማይችል ይዞኝ ይዞር ነበር፤ ዙሩን ሲጨርስ ትምህርት ቤት በር ላይ ያደርሰኛል። ስምንት ዓመቴ ነበር።

የዚያን ጊዜ ንጋት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ጭጋጉ ነው። መንገደኛው ሁሉ ከጉልበቱ በታች የለም። ሰዎቹ እየተንሳፈፉ ይመጣሉ፤ «እንዴት አደርክ ባለቁልፉ» ይላሉ፤ እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ። አባዬ ቁልፉን በትከሻው አጋድሞ ከፊት፣ እኔ ቦርሳዬን አንግቼ ከኋላ። የቫልቩ ጉድጓድ ጋ ስንደርስ የብረት ክዳኑን ያነሣና ቀጭን ዘንግ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ ያቆማል።

«ስሚ እስቲ፤ ነቅቷል?»

ጆሮዬን ዘንጉ ላይ እለጥፋለሁ። ከሩቅ፣ ከምድር ሆድ ውስጥ፣ የሚተነፍስ ነገር ይሰማኛል።

«እያንኮራፋ ነው።»

«በይ ቁጠሪ።»

ዘንጉ የሚያፈስ ቧንቧ የሚፈለግበት መሣሪያ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን የውሃ ሐኪም ነበርኩ። መቁጠሩም የኔ ሥራ ነበር። አባዬ ቁልፉን ቫልቩ ራስ ላይ ይሰካና ሁለት እጁን ዘርግቶ ክብ እየዞረ ይገፋዋል፤ እኔ በየዙሩ እጮኻለሁ። ለላይ ሰፈር ሃያ ሁለት። ለታች ሰፈርም ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት ላይ ቫልቩ ጥግ ይደርሳል። ከዚያ ክዳኑን ይገለብጥና በውስጥ ፊቱ ላይ በጠመኔ «22» ብሎ ይጽፋል።

«ለማን ነው የምትጽፈው?» ብዬው አውቃለሁ።

«ነገ እኔ ብታመም የሚተካኝ ሰው ስንት ዙር እንደተከፈተ በምን ያውቃል? ካላወቀ ካለልኩ ያዞረውና ይሰብረዋል። ክዳኑን ገልብጦ ያነባል። እኔንም ያስተማረኝ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ነው።»

ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ቤታችን የሚመጣው አንድ ሰው ነው፤ ቆጣሪ አንባቢው። እየዞረ የየቤቱን የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ፣ ሚስት ያላገባ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር። ጋሼ ቆጣሪ እለው ነበር፤ እሱ ደግሞ ሚጣዬ ይለኛል። ከአባዬ ጋር በአንድ ቀን ነው የተቀጠሩት። ቀልዱ አያልቅም። ከንቲባው አዲስ ኃላፊ የሾመልን ሰሞን፣ «አለቃችን ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ቁም ሣጥን ነበር የሚሸጠው» አለ እማዬ የሰጠችውን ዳቦ እየቆረሰ። «ስለ ውሃ ምን ያውቃል እንዳትሉ። መክፈትና መዝጋት ያው መክፈትና መዝጋት ነው።»

እማዬ ሳቀች። አባዬ፣ «ቀስ በል፣ ግድግዳም ጆሮ አለው» አለው።

«ግድግዳውም ቢሆን በከንቲባው ደብዳቤ የተቀጠረ ነው» አለ ጋሼ።

እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሳቃቸው ደስ ስለሚለኝ ነው። ዛሬ ሳስበው ላይ ሰፈር ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ዘበኛ፣ ጽዳት፣ ተላላኪ ሆኖ በከንቲባው ደብዳቤ ገብቷል። ታች ሰፈር ግን ልበ ደንዳና ሰፈር ነበር። ከንቲባው የሚስቱን ወንድም የሰፈሩ ሊቀመንበር አድርገው እንዲመርጡለት ይዞላቸው ሲመጣ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ ብለው ሰምተው ሲያበቁ ጫማ ሰፊውን መረጡ።

ከምርጫው ማግስት አባዬና እኔ ከመሥሪያ ቤቱ በር ስንወጣ ኃላፊው ጠራን። ጫማው ያንጸባርቃል፤ ጭጋጉ እንኳ እንዳያበላሸው ዙሪያውን የሚሸሽ መሰለኝ።

«ለታች ሰፈር አምስት ዙር ይበቃቸዋል» አለ።

«ጌታዬ፣ በአምስት ዙር ቦኖው ድረስ እንኳ አይደርስም።»

«ሲጠማቸው የሚያጠጣቸው ማን እንደሆነ ይለያሉ።»

ስለ ከብት የሚያወሩ መሰለኝ። አባዬ ቁልፉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«በጽሑፍ ቢያደርጉልኝ?»

«ምን ጽሑፍ? በቃል ነው የምልህ።» ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ። «አንቺስ ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?»

«ባለቁልፍ።»

በጣም ሳቀ። «ጎበዝ! ቁልፍ የያዘ ሰው አይቸገርም።»

በማግሥቱ ታች ሰፈር ስንደርስ እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ላይ አባዬ ቆመ። እኔ ግን ስድስት፣ ሰባት ብዬ ቀጠልኩ፤ ድምፄ ብቻውን ጭጋጉ ውስጥ ሄደ።

«በቃ» አለኝ።

«ሌላውስ?»

ቁልፉን ከቫልቩ ነቀለ። ጠብቄ ጠብቄ ራሴ መልሱን አገኘሁለት። «ገባኝ። የታች ሰፈር ውሃ እንቅልፉ ቀላል ነው። ቶሎ ይነቃል።»

«እንዳልሽው ይሁን» አለኝ፤ ክዳኑን ሲገለብጥ ፊቱን ከኔ አዞረ።

በዚያ ሳምንት ይመስለኛል ትንሽ ቆርቆሮ ቀይ የዘይት ቀለምና ብሩሽ ይዞ የመጣው። ጠመኔውን ተወ። ቀኑንም መጻፍ ጀመረ፤ መጀመሪያ ከምርጫው በፊት የነበሩትን ቀኖች ከነሃያ ሁለታቸው፣ ቀጥሎ የየዕለቱን፤ ቀን፣ ዙር፤ ቀን፣ ዙር፤ እየቆየ ክዳኑ ውስጡ ሁሉ በቀይ መስመር ሞላ።

«ለምን በቀለም?»

«ጠመኔ ዝናብ ያጥበዋል።»

እኔ ግን አባቴ እንደ መምህራችን ነጥብ የሚሰጥ ነበር የሚመስለኝ። ላይ ሰፈር ሃያ ሁለት፣ ታች ሰፈር አምስት። «ታች ሰፈር ወደቀ!» አልኩት አንድ ቀን። ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በቀያይ ጣቶቹ ሸፈነ። ደክሞት ነው ብዬ አጠገቡ ተቀምጬ ከረሜላዬን ግማሹን ሰጠሁት።

ታች ሰፈር ቦኖው ጋ ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ሰው አይደለም የሚሰለፈው፤ ጀሪካኑ ነው፤ ሴቶቹ አጥር ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ጀሪካኖቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው የቆሙ ቢጫ ቢጫ እንስሳት ይመስሉኝ ነበር። መጀመሪያ ሴቶቹ ይቀልዱ ነበር።

«ባለቁልፉ! ቁልፍህ ዛገ እንዴ?»

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ አሉ፤ እሱም ለሚወቅጠው ሲገኝ ነው!»

ቀጥሎ ቀልዱ ቀረ። ቀጥሎ ሰላምታው ቀረ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መንገዱን ዘግታ፣ «ምን በድለንህ ነው?» አለችው። «ንገረኝ እንጂ፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ከሆነ እንጠይቅህ።» አባዬ ዞር ብሎ አለፋት። ሴትየዋን ጠላኋት። አባቴ ጠዋት ጠዋት ደክሞ ውሃቸውን የሚቀሰቅስላቸው ሰው፤ እነሱ ምስጋና የማያውቁ። እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት ከውጭ ስገባ ጋሼ ቆጣሪ ጠረጴዛችን ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። የሚጽፈው ከኔ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ነው፤ ጥግ ላይ የሣልኳት አበባ አለችበት። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፤ እጇ ደረቅ ነው፣ ግን ትጠርጋለች። ክፍሉ በከሰዓት ፀሐይ ተሞልቶ ሁሉም ነገር ማር የተቀባ ይመስላል።

«ጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍሉን ዘጋ» ይላል ጋሼ። «ከትናንት ወዲያ አንዷን በጋሪ ላይ ወደ ላይ ሰፈር ሲያወጧት መንገድ ላይ ወለደች።»

«ሕፃኑስ?» አለች እማዬ።

ጋሼ ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ መጻፉን ቀጠለ።

ቀና ብሎ፣ «አንተ ልጅ አለህ» አለ፤ ለአባዬ። «እኔ ምን አለኝ? አንድ ድመት። እሷም የጎረቤት ናት።» ሊስቅ ሞከረ። «እና ከጠየቁህ ቀድመህ ተናገር። እንዳታመነታ። አደራ።»

«ሆዴ አይችልም» አለ አባዬ፤ አሁንም ወደ መስኮቱ።

«ሆድ ይፍጀው።»

እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ነገሩን በልጅ ልቤ ፈታሁት፤ ጋሼ ቆጣሪ ልጅ ስለሌለው በአባዬ ቀንቷል። ደብተሬንም የቀደደው ለዚያ ነው። ለሳምንት አኮረፍኩት።

ሦስት የማናውቃቸው ሰዎች በነጭ መኪና የመጡት ከወር በኋላ ይመስለኛል። ኃላፊው ከፊት ከፊታቸው ይሮጣል፤ ጫማው ጭቃ ሆኗል። ሰዎቹ ቢሮ አልገቡም፤ ቀጥታ ጉድጓዶቹ ጋ ሄዱ።

«ክዳኖቹን ገልብጣቸው» አለ አንደኛው።

አባዬ ገለበጠ። ቀያይ ቁጥሮቹ ጠዋቱ ብርሃን ላይ ወጡ። አንዷ ሴት በካሜራ አነሣቻቸው፤ አንዱ ሰውዬ ጣቱን እያሄደ አነበበ፤ የምርጫው ማግሥት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። እስከዚያ ቀን ሃያ ሁለት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አምስት፣ አምስት፣ አምስት።

«ይሄ... የልጅ ጨዋታ ነው» አለ ኃላፊው ላቡን እየጠረገ።

«የሥራ ልማድ ነው ጌታዬ» አለ አባዬ። «ከኔ በፊት የነበረውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ለሚተካው ሰው።»

ደነገጥኩ። አባዬ የጻፈው ሁሉ ትክክል መሆኑን ልመሰክርለት ፈልጌ፣ «እኔ ነኝ የቆጠርኩት!» ብዬ ጮህኩ። ካሜራ የያዘችው ሴት ሳቀችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ስብሰባው። በአንድ ሰው ላይ አቤቱታ ስትጽፍ፣ ወረቀትህ በየቢሮው ዞሮ ዞሮ «አስተያየት እንዲሰጡበት» ተብሎ ለዚያው ሰው እንደሚመራ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ቢሮ ስገባ ነው። ያን ቀን ግን ከትምህርት ቤት መጥቼ የአዳራሹ መስኮት ደፍ ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ፣ ኃላፊው እጅ ላይ ያለው የኔ ወረቀት ነው። አበባዬ።

«መሥሪያ ቤታችንን ያዋረደ ሰው እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል» አለ ኃላፊው። «ይሄን ጽሕፈት የሚያውቅ?»

ሠራተኛው ሁሉ ጫማውን ያያል። ያኔ አባቴ ተነሣ። ሲነሣ ወንበሩ ጮኸ።

«አውቀዋለሁ። የቆጣሪ አንባቢው ጽሕፈት ነው።»

ጋሼ ቆጣሪም ተነሣ፤ ረጅም ስለሆነ ሲነሣ ጊዜ ይወስድበታል። «አዎ፤ የኔ ነው» አለ። «ሌላው ሰው ሲሾም ይበላል፤ የኛዎቹ ግን ጠጡት።»

አንድ ሰው ብቻ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በሳል ዋጠው። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ወንድሙን!» አለች፤ አባቴን እያየች። እኔ ግን ደረቴ በኩራት ተነፋ። አባቴ ደብተሬን የቀደደውን ሰው አጋለጠው።

ጋሼ ከሥራ ተባረረ። የሚኖርበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ ስለነበር እሱንም ተቀማ። ፍራሹንና አንድ ወንበሩን ጋሪ ላይ ጭኖ በደጃችን ሲያልፍ ቆመና ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«ሚጣዬ፣ ደህና ሁኚ።»

«አንተ አሳባቂ!» አልኩት።

እማዬ በጥፊ መታችኝ። በሕይወቴ ከሷ እጅ የቀመስኩት ያ አንድ ጥፊ ነው። አባዬ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ። ጋሼ ግን የተዘረጋ እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበና፣ «ተያት» አላት። «ልጅ የሰማውን ነው የሚናገረው።» ጋሪው እየተንገጫገጨ ወደ ታች ሰፈር ወረደ።

ታች ሰፈር ሃያ ሁለት ዙር ተመለሰ። ከንቲባው ከቦታው ተነሣ፤ በዓመቱ ከዚያ የተሻለ ወንበር ላይ ተቀመጠ ሲባል ሰማን። ኃላፊው የትም አልሄደም። አባዬም «ታማኝ ሠራተኛ» ተብሎ የመስመር ሠራተኞች አለቃ ሆነ። ጠዋት ጠዋት አብረን መዞራችን ግን ቀረ፤ ትልቅ ሆነሻል፣ ብቻሽን ሂጂ አለኝ። ሰው ሰላም የማይለውን አባት እንዳላይ ብሎ መሆኑ ያኔ አልገባኝም። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ለሠራተኛ ልጆች የተሰጠ የትምህርት ዕድል ደረሰኝና ሩቅ አገር ሄድኩ።

እዚያ አስተዳደር ተማርኩ። የመሥሪያ ቤታቸውን ጥፋት ስለሚያጋልጡ ሰዎች የሚያስተምር ኮርስ ነበረን። ተራዬ ደርሶ ስናገር ስለ ጋሼ ቆጣሪ አወራሁ። ልጅ ሳለሁ የሰደብኩትን ሰው አሁን ጀግና ነው ብዬ አቀረብኩት። ከጎኑ ደግሞ ዝም ብሎ ቫልቭ የሚዘጋውንና ጓደኛውን አሳልፎ የሚሰጠውን ሰው፣ ሥርዓቱ የቆመበትን ተራ ሰው፣ አስቀመጥኩት። አባቴ መሆኑን አልተናገርኩም። ከፍተኛውን ነጥብ አገኘሁበት። ለአባቴ በየሳምንቱ ስደውል ድምፄ ምን ይመስለው እንደነበር እንጃ። «ብርድ አለ እንዴ?» ይለኝ ነበር ሁልጊዜ።

ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቼ ስመለስ ሞቶ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እማዬ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ለኔ ሰጥታ ሌላውን እሷ ይዛ እያጠፍን ሳለ፣ እንደ ዋዛ፣ ስለ ጋሼ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ከእጥፋት ወደ እጥፋት፣ ወደኔ እየቀረበች።

«የጻፈው እሱ ነው። ቃሉ ግን የአባትሽ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሞ አንድ በአንድ ያስጻፈው አባትሽ ነው። የአባትሽን ጽሕፈት ክዳኑም ያውቀዋል፣ አለቃውም ያውቀዋል። ስለዚህ በሱ እጅ ተጻፈ። ብያዝ ብቻዬን ልያዝ፣ አንተም ቀድመህ መስክርብኝና ይመኑህ አለው። ያም ሆነ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«የስምንት ዓመት ልጅ አፍ በምን ይታሰራል?»

«ኋላስ?»

አንሶላውን ከእጄ ወሰደችው። «ኋላማ ሄድሽ። የትምህርቱን ደብዳቤ የፈረመልሽ ማን ይመስልሻል? ያው ኃላፊው ነው። ለታማኙ ሠራተኛ ልጅ። ብታውቂ ትሄጂ ነበር?»

አልሄድም ማለት ፈለግሁ። አንሶላው እጇ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ተኝቷል። እሄድ ነበር።

በማግሥቱ ታች ሰፈር ወረድኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረግጬው አላውቅም። ጋሼ ቆጣሪ አንዲት ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጃንጥላ ይጠግናል። ከራሱ በላይ አግዳሚው ላይ ያልተጠገኑ ጃንጥላዎች ተንጠልጥለዋል፤ ንፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይተነፍሳሉ። ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝ።

«ሚጣዬ። ጥፊው ለቀቀሽ?»

እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ለማለት ስጀምር አቋረጠኝ።

«አንተ በይኝ። ስትሰድቢኝ አንተ ብለሽ ነው የሰደብሽኝ።»

ሳቅን። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። እዚህ ሰፈር የአባቴ ስም ውሃ የዘጋ፣ ጓደኛውን የሸጠ ሰው ስም ነው። እውነቱን ለሰፈሩ ሰው ልናገር እፈልጋለሁ፤ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ ካስፈለገም በጋዜጣ ጽፌ። ስናገር ድምፄ የዚያን የትምህርት ክፍል ድምፅ ይዞ ነበር፤ ነጥብ ያገኘሁበትን።

ጋሼ ሽቦውን በጥርሱ ይዞ ሰማኝ። ሲያወጣው፣ «ንገሪ» አለ። «እኔ ምን እላለሁ። እውነት ነው።» እጁ ግን ሥራውን አቁሟል።

«አልወድም ካልክ...»

«አባትሽን ሁለት ጊዜ ልናገርልህ ብዬው ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ። እኔ የምኖርላት አለችኝ፤ ስሙን አንተ ያዘው አለኝ።» የጃንጥላውን ጨርቅ በመዳፉ ደጋግሞ አለሰለሰ። «ከሥራ ስወጣ እዚህ ነው የተቀበሉኝ። ይቺን ክፍል የሰጡኝ እነሱ ናቸው። ውሃው በኔ ምክንያት መጣ ብለው ለልጆቻቸው ይነግራሉ። ግማሹ ልክ አይደለም፤ አውቃለሁ። ምን ላድርግ ሚጣዬ፤ የኖርኩት በዚያ ስም ነው።»

የተማርኩት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ የተደበቀ ነገር ይገለጥ። ያስተማሩኝ ሰዎች ግን ደጃፍ ላይ የተቀመጠ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ጃንጥላ የሚጠግን ሰው አላሳዩኝም። አባቴን ማጽዳት ይቻለኛል። የሚጸዳው ግን ከዚህ ሰው ላይ ክብሩ ተገፍፎ ነው።

ከጎረቤት አንዲት ሴት ሻይ ይዛ ወጣች፤ በዕድሜ እኔን የምታህል። «አባባ፣ ሳይቀዘቅዝ» ብላ ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀመጠችና አየችኝ። «እንግዳ አለህ ለካ። የማን ልጅ ናት?»

ጋሼ ወደ እኔ ተመለከተ። አፉን ከፍቶ ነበር። እንደሚናገረው ገባኝ፤ ሊናገረው ነው፣ ሁሉንም፣ አሁኑኑ፣ ስለጠየቅሁት ብቻ።

«የባለቁልፉ ልጅ ነኝ» አልኳት ቀድሜው።

ፊቷ ቀስ ብሎ ተዘጋ። «የቱ ባለቁልፍ? ውሃችንን የዘጋው? አባባን ያስያዘው?»

«አዎ፤ እሱ።»

«ምን ፊት ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ። ቁጣዋ የሷ አልነበረም፤ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እንደ ዕቃ በክብር የያዘችው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እናቴ በጋሪ ላይ ነው...» ጋሼን አየችና ተወችው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ጃንጥላው ላይ አቀርቅሯል። ሽቦውን ቀዳዳው ውስጥ ሊያስገባ ይሞክራል፤ አልገባለትም።

ሴትየዋ ገብታ ሌላ ብርጭቆ ሻይ ይዛ ተመለሰችና በእጄ ሰጠችኝ።

«ልጅ ምን አጠፋ» አለች። «እሱስ አለ?»

«ሞቷል። ሁለት ዓመቱ ነው።»

ወደ ቤቷ ዞራ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ፣ ሳትወድ በግድ፣ ሞልቶ እንደሚፈስ ነገር፣ «ነፍስ ይማር» አለች።

«አሜን» አለ ጋሼ ቆጣሪ ከጃንጥላው ሳይቀና። ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኾ መንገድ ላይ የሚጫወቱት ሕፃናት ሁሉ ዞር ብለው አዩን።